የዐይን ሐኪም መጣ ሲባል

(መሠረተ ትምህርት ጨርሰው ንባባቸውን ለሚያጠናክሩ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዐይን ነው። እኔ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ለአገልግሎት ተመድቤ ሳለሁ ግን የዐይን ሐኪሞች በዘመቻ በወጡበት ቦታ ሰንብቻለሁ፤ ውኃ ቀድቻለሁ፤ ስም መዝግቤአለሁ፤ ሕመምተኛ መርቻለሁ። ስለዚህ ያየሁትንና የተማርኩትን ልንገራችሁ።

«የዐይን ሐኪም መጣ» የተባለ እንደሆነ በደጋው አገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከጃናሞራ ገደል ሥር፣ ከወገራ ሜዳ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ዙሪያ ሰው ይነሣል። አንዱ በበቅሎ ይመጣል። አንዱ የልጁን ትከሻ ይዞ ይመጣል። አንዷ እናት የበትሯን ጫፍ ለልጅ ልጇ አስይዛ ትመጣለች። ሐኪሙ ከባሕር ማዶ የመጣ እንደሆነማ ወሬው ይብሳል። «እጁ ያረፈበት ሁሉ ያያል» ይባላል።

ታዲያ በዚህ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛ፦ እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በክርስቲያን ድርጅት ስም ይመጣሉና ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡን ነውን? ሁለተኛ፦ ምን ሊሠሩልን ይችላሉ? ሦስተኛ፦ እነርሱ ሲሄዱ እኛ ምን እንሆናለን? ሦስቱንም በየተራ እንመልከት።

አንደኛው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ጎንደር ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጠይቃዋለች። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በታመሙ ጊዜ ሐጂ ዓሊ የተባለ ነጋዴ ከካይሮ ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣ ላኩት። ሐጂ ዓሊም ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ይዞ ጉዞ ጀመረ። ከሐኪሙ ጋር አንድ አሽከር ነበር። አሽከር የመሰለው ሰው ግን ብሬቭዳን የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበር። ለምን ተደበቀ ብትሉ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ቀደም ብለው የዚህን ማኅበር ካህናት ከአገር አስወጥተዋቸው ስለነበረ ነው። በእነርሱ ስብከት ምክንያት ብዙ ደም ፈስሶ ነበርና ሕዝቡ ሊያያቸው አይፈልግም ነበር። ካህኑ ጎንደር ሳይደርስ ባርኮ በምትባል ቦታ ታሞ ሞተ። ሐኪሙ ፖንሴ ግን በ1691 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ጎንደር ገባ። ንጉሡን አክሞም በተከታዩ ዓመት ከጎንደር ወጥቶ ሄደ።

እንግዲህ ልብ በሉ። መድኃኒቱ እውነተኛ ነበር፤ ከመድኃኒቱ ጋር የመጣው ግን ተሸፍኖ ነበር። ሕክምና ለሌላ ነገር መሸፈኛ የሆነ እንደሆነ ጥርጣሬ ይወለዳል። ጥርጣሬ ደግሞ ከማንም በፊት የሚጎዳው በሽተኛውን ነው። ሐኪም ፈርቶ እቤቱ ይቀራልና።

ሌላ ዓይነት ታሪክም አለ። ኤርንስት ክሪስቶፌል የተባለ ጀርመናዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1908 ከእኅቱ ጋር ወደ ቱርክ አገር፣ ማላትያ ወደምትባል ከተማ ሄደ። እዚያም ዕውሮች፣ አካለ ስንኩላንና ወላጅ ያጡ ልጆች የሚኖሩበትና የሚማሩበት ቤት ከፈተ። ኋላም ፋርስ አገር ገብቶ ይህንኑ ሥራ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1955 በኢስፋሃን ከተማ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ያቋቋመው ድርጅት በኋላ ዕውሮችን ከመጦርና ከማስተማር አልፎ ዕውርነትን ወደ መከላከል ተሸጋገረ። የዐይን ቀዶ ሕክምናን በብዙ አገሮች ይረዳል፤ በኢትዮጵያም ሠርቷል። በኢየሩሳሌምም እ.ኤ.አ. በ1882 የተከፈተው የቅዱስ ዮሐንስ የዐይን ሆስፒታል አለ። ስሙ የክርስቲያን ነው፤ የሚያክማቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ እስላሞች ናቸው።

ስለዚህ መልሱ ይህ ነው። ሐኪሙ ስለ እምነቱ ሊመጣ ይችላል። ለበጎ ሥራ ያነሣሣው እምነቱ ከሆነ እሰየው። ሕመምተኛው ግን ዐይኑን ለማዳን እምነቱን አይከፍልም። በሃይማኖት ዋጋ የሚሸጥ መድኃኒት ንግድ ነው፤ እርዳታ አይባልም። ማንም ሰው መድኃኒት ሊሰጣችሁ «መጀመሪያ ማተባችሁን ፍቱ» ቢላችሁ እምቢ በሉ፤ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ንገሩ። እንዲህ ያላላችሁን ሐኪም ግን በከንቱ አትፍሩት።

«እኔ ጠበል እጠመቃለሁ እንጂ ቢላዋ አላስነካም» የሚሉ እናቶችም አሉ። ለእነርሱ የምለው አለኝ። ጌታ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዳነ ጊዜ ሄዶ በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ እንዳዘዘው ካህናቱ ያስተምሩናል። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለመድኃኒት ነበረ። ስለዚህ ጠበሉና ሐኪሙ ጠላቶች አይደሉም። ጠበሉንም ተጠመቁ፤ ሐኪሙም ዘንድ ሂዱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። እንግዳው ሐኪም ምን ሊሠራልን ይችላል?

በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የዐይን ጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዕውር ሆኖ ተገኘ። ይህም ማለት ከሺህ ሰው 16 ያህሉ ማለት ነው። ከዕውሮቹም መካከል ግማሽ ያህሉ ያጡት ብርሃን በሞራ ምክንያት ነበር።

ሞራ ምንድን ነው? በዐይናችን ብሌን ውስጥ እንደ መስተዋት የጠራች፣ ቅርጿም ምስር የሚመስል አንዲት ነገር አለች። ሌንስ ትባላለች። ላቲኖችም ይህን ስም የሰጡት ከምስር ነው። ሰው ሲያረጅ፣ ወይም ዐይኑን ሲመታ፣ ይህች ሌንስ ትደፈርሳለች። የተከደነ መስኮት ብርሃን እንደማያስገባ ሁሉ ብርሃን አይገባም። ሐኪሙ የደፈረሰችውን አውጥቶ በምትኳ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1949 ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ በአብራሪዎች ዐይን ውስጥ ገብቶ ሲቀር ዐይኑን እንዳላስቆጣው አይቶ፣ ከዚያው ዓይነት ነገር ሌንስ አሠራ።

የሞራ ቀዶ ሕክምና ለለመደ ሐኪም የደቂቃዎች ሥራ ነው። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ሰው ያያል። «ይህ የማን እጅ ነው?» ብለው የገዛ እጃቸውን አገላብጠው የሚያዩ ሽማግሌ አይቻለሁ። በዚህ ሥራ እንግዳው ሐኪም ትልቅ እርዳታ ያደርጋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ለብዙ ሰው ብርሃን ሊመልስ ይችላል። ምስጋና ይገባዋል።

ዳሩ ግን በእኛ አገር ሌላ በሽታ አለ። ይህን እንግዳው ሐኪም ብቻውን አይችለውም። እርሱም የዐይን ማዝ፣ በሐኪሞች ስም ትራኮማ የሚባለው ነው።

ማዝ በዐይን በማትታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ይመጣል። ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃን ወደ እናት ይተላለፋል። የሚያስተላልፉትም ያልታጠበ ጣት፣ ፊት የተጠረገበት ነጠላና ዝንብ ናቸው። አንድ ጊዜ ቢይዝ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ነገር ግን በልጅነት ደጋግሞ ይይዛል። በያዘ ቁጥር የላይኛው የዐይን ቆብ በውስጥ በኩል ይቆስላል፤ ቁስሉም ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶ ዐይኑን ይወጋል። ሰው ዐይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር በገዛ ፀጉሩ ዐይኑን ይፍቃል። በመጨረሻም ጥቁሩ ዐይን ነጭ ይሆናል። በዚህ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። በሞራና በማዝ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

በዚያው በ1998ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ መቶ ሕፃናት ውስጥ 62.6ቱ ማዝ ይዟቸው ተገኝተዋል። ከሌሎቹ ክልሎች ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሽፋሽፍታቸው ከሚቀለበስባቸውም ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃን የምታዝል፣ የሕፃን ፊት የምትጠርግ፣ ከሕፃን ጋር የምትተኛ እናት ናት። እናት ጢስ ባለበት ማድ ቤት እየዋለች፣ የሚያነባ ዐይኗን በጢስ ታሳብባለች። «ጢሱ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ትላለች። ወረንጦዋን አውጥታ ፀጉሩን ትነቅላለች። ፀጉሩ እንደገና ይበቅላል፤ እንደገና ትነቅላለች። እንዲህ ስታደርግ ዓመታት ያልፋሉ።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ሊጠይቅ ይችላል። «ይህ በሽታ የእኛ ብቻ ነውን?» አይደለም። ዛሬ ሐኪም የሚልኩልን አገሮችም አይተውታል። በግብፅ የተዋጉ ወታደሮች ይዘውት ተመልሰው በሎንዶን በበዛ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1805 ሙርፊልድስ የሚባለው የዐይን ሆስፒታል ተቋቋመ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላም በአሜሪካ ወደብ የሚወርደው ስደተኛ ሁሉ ቆቡ ተገልብጦ ይታይ ነበር፤ ማዝ የተገኘበት ወደ መጣበት ይመለስ ነበር። በአውሮፓ ግን በሽታው በአብዛኛው የጠፋው የዛሬው መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ነው። ውኃ እየቀረበ፣ መጸዳጃ እየተሠራ፣ ቤት እየሰፋ ሲሄድ ጠፋ። ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018 እ.ኤ.አ. በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑን ማቆሙን የዓለም ጤና ድርጅት መስክሮላቸዋል። ስለዚህ ማዝ የሚሸነፍ ጠላት ነው።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደረስን። እንግዶቹ ሲሄዱስ?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሽፋሽፍቱ የተቀለበሰ ሰው ቆቡ ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዐይኔን ሊያወጡት ነው» ብሎ ይሸሻል። ነገር ግን የሚቀደደው ቆቡ ነው፤ ብሌኑን ቢላዋ አይነካውም። የማደንዘዣ መርፌ ይሰጣል፤ ቆቡ ወደ ውጭ እንዲመለስ ተደርጎ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በልዩ ክር የተሰፋው በራሱ ይሟሟል፤ በተራ ክር የተሰፋው ግን ሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት ቀን በላይ ሲሆነው መፈታት አለበት። እንግዲህ አስቡት። እንግዳው ሐኪም በስምንተኛው ቀን አውሮፕላን ላይ ነው። በዚያው ሰሞን የእናታችን ክር መፈታት አለበት። ክሩን የሚፈታው ማነው? ቁስሉ ቢያመረቅዝ የሚያየው ማነው? ከዓመት በኋላ ፀጉሩ እንደገና ቢመለስ የሚደርስላት ማነው?

እዚሁ የሚኖር ሰው ነው። በክልላችን ይህን ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚሠሩት ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የአገር ልጆች ነርሶች ናቸው። ጎንደርም ይህን ትምህርት ከጥንት ታውቀዋለች። በደምቢያ ወባ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅትና አሜሪካ ረድተውታል። ነገር ግን ኮሌጁ የተቋቋመበት ዓላማ የውጭ ሐኪም ለማመላለስ አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የንጽሕና አጠባበቅ ባለሙያ አብረው እንዲማሩ፣ አብረውም ገጠር ወርደው እንዲሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ከላይፕሲግ ከተማ የመጡ የምሥራቅ ጀርመን ሐኪሞች ጎንደር ላይ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመሩ። እነዚህ በሃይማኖት ስም የመጡ አልነበሩም። ቢሆንም ጥሩ እርዳታ የሚለካው በዚያው ሚዛን ነው፤ ከሄደ በኋላ የሚሠራ እጅ ትቶ ሄደ ወይስ አልሄደም? ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዐይን ሐኪሞችንና የመነጽር ባለሙያዎችን ያሠለጥናል።

እንግዳ ላይ ብቻ መተማመን አደጋ እንዳለው ሌላም ማስረጃ አለ። ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የወባና የማዝ ሳምንት እየተባለ በካርተር ማዕከልና በላየንስ ክለቦች እርዳታ በጅምላ የማዝ መድኃኒት ሲታደል ኖሯል። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ይባላል፤ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነጻ የሚሰጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ግን እንዲህ ያለው እደላ ለጊዜው እንዲቆም የዓለም ጤና ድርጅት መከረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነት ዳባት ወረዳ ድረስ ደረሰ። መንገድ ሲዘጋ እንግዳ ሐኪም አይመጣም። ለዝንብ ግን መንገድ አይዘጋባትም።

ታዲያ ሐኪም ያልሆነ ሰው በዐይን ክሊኒክ ምን ይሠራል? እኔም መጀመሪያ ይህን ጠይቄ ነበር። ሥራው ግን ብዙ ነው።

አንደኛው ሥራ መመዝገብ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ጎጥ፣ የታመመው ዐይን ቀኙ ይሁን ግራው በትክክል ይጻፋል። ቀኙ በግራ ስም ተጽፎ ቢገኝ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም። ስለዚህ መጻፍ የሚችል ሰው እጁ ከሐኪሙ እጅ አያንስም።

ሁለተኛው ማየትን መለካት ነው። ፊደል ለማያውቅ ሰው የሚያገለግል ሰሌዳ አለ። በላዩ ሦስት ጥርስ ያለው መንሽ የሚመስል ምልክት ተሥሏል። ጥርሱ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን ይዞራል። ሕመምተኛው በስድስት ሜትር ርቀት ቁጭ ብሎ አንድ ዐይኑን ይሸፍናል፤ ጥርሱ የዞረበትንም በጣቱ ያሳያል። ያን ማየት ያልቻለ ጣት ይቆጥራል። በሦስት ሜትር ጣት መቁጠር ያቃተው እንደ ዕውር ይቆጠራል።

ሦስተኛው መምራት ነው። ይህም ጥበብ አለው። የማያይ ሰው እጁን ወይም በትሩን ድንገት አይጎተትም። መጀመሪያ «እማማ፣ እኔ እገሌ ነኝ፤ ክንዴን ይያዙ» ይባላል። እርስዎ ክንዴን ይይዛሉ፤ እኔ ግማሽ እርምጃ እቀድማለሁ። ደረጃ ሲመጣ «ደረጃ አለ፣ ወደ ላይ ነው» እላለሁ። ጠብታ ሲደረግም «አሁን ቀዝቃዛ ነገር ይነካዎታል» ተብሎ ይነገራል። ፍርሃት የሚበዛው ነገሩ ሳይነገር ሲደረግ ነው።

አራተኛው ማስረዳትና መከታተል ነው። ቅባቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀባ፣ ክሩ መቼ እንደሚፈታ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚኬድ ለራሷም ለልጇም ይነገራል፤ በወረቀትም ይጻፋል። ቀኑ ሲደርስ ያልመጣችውን እቤቷ ድረስ ሄዶ መጥራት ነው። ቀዶ ሕክምናው አልቆ ሕክምናው የማያልቀው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ከአራቱ ውስጥ ባሕር ተሻግሮ መምጣትን የሚጠይቅ አለን? የለም። እንግዳው እንኳ ይህን የሚሠራው በአስተርጓሚ ነው። እናንተ ግን አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም። የሰውየውን አባት ታውቃላችሁ፤ መንገዱን ታውቃላችሁ፤ የገበያውን ቀን ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ ማንበብና መጻፍ ታውቃላችሁ። ሩቅ ካለ ዘመድ ቅርብ ያለ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ልትሠሩት የምትችሉትን ልንገራችሁና ንግግሬን ልጨርስ።

ደብተራችሁን ያዙ። በጎጣችሁ ውስጥ ወረንጦ የሚይዙትን፣ ፀሐይ ሲወጣ ዐይናቸውን የሚከድኑትን፣ ዘወትር የሚያነቡትን ሰዎች ስም ጻፉ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አድርሱ። ፀጉሩ ጥቂት ከሆነ በባለሙያ ምክር መንቀል ይበቃ ይሆናል፤ ይህን የሚወስነው ግን ያየው ባለሙያ ነው። እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከብቱንና ሕፃኑን የሚጠብቅ ሰው ካልተገኘ አትሄድምና፣ ያን ቀን እናንተ ጠብቁላት። ባልም «መከሩ ይለፍ» አይበል። መከሩ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ነጭ የሆነ ዐይን ግን አይመለስም።

የልጆቻችሁን ፊት በየቀኑ እጠቡ። ሳሙና ባይኖር ውኃ ብቻውን ይረዳል፤ አንድ ጣሳ ውኃ በጥንቃቄ ቢፈስስ ለብዙ ፊት ይበቃል። መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ። ዐይን ላይ የምታርፈው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በወደቀ ዓይነ ምድር ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። መድኃኒት የሚታደልበት ቀን ሲነገር ቤተ ሰባችሁን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ። መድኃኒቱ በቁመት ተለክቶ ይሰጣልና የቁመት መለኪያውን የሚያነብና መዝገቡን የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ፣ «እኔ እችላለሁ» በሉ።

የዐይን ሐኪም መጣ ሲባል ደስ ይበለን፤ በክብር እንቀበለው፤ ሥራውንም እናግዝ። የሰባት ጎጥ ስም ጽፋችሁ ከጠበቃችሁት፣ ሰው ፍለጋ ሊያጠፋው የነበረውን ጊዜ ለሕክምና ያውለዋል። ሲሄድም ክሩን የሚያስፈታ፣ ቅባቱን የሚያስታውስ፣ የሕፃኑን ፊት የሚያጥብ ሰው በየጎጡ ካለ ያበራው ዐይን በርቶ ይቀራል።